ሀኪም ሳልሆን ስለ ልጄ በሽታ ልፃፍ ወይ?

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ። ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ ግን እስከዛሬ ፅፌልዎት አላውቅም፣ ዛሬም ስጀምር ስሰርዝ ነው የዋልኩት።

የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፣ ልብስ ስፌት ነው የምሰራው፣ ትምህርቴን አስረኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። የዘጠኝ አመት ሴት ልጅ አለችኝ፣ አምስት አመቷ ላይ ስኳር ተገኘባት፣ አይነት አንድ የሚሉት፣ በየቀኑ ኢንሱሊን የምትወጋው። ያኔ መጀመሪያ ውሃ በጣም መጠጣት ጀመረች፣ በድሬ ሙቀት ደግሞ ማን ውሃ አይጠጣም፣ ማንም ልብ አላለውም። ከዛ መኝታዋ ላይ መሽናት ጀመረች፣ ያቆመች ልጅ እኮ ናት፣ እኔም ተቆጣኋት፣ ያ ቁጣ እስከዛሬ ያንገበግበኛል። ከዛ ከሳች፣ ማስመለስ መጣ፣ አንድ ክሊኒክ ወሰድናት ታይፎይድ ነው ብለው መድሃኒት ሰጡን፣ በነጋታው ትንፋሿ እንደሮጠ ሰው ሆኖ አልነቃ አለችን። ሆስፒታል ስንደርስ ነው ስኳር ነው የተባልነው። ስኳር የትልቅ ሰው በሽታ ነው የሚመስለኝ፣ የልጅ ስኳር የሚባል ነገር መኖሩን ያን ቀን ነው የሰማሁት።

ዋርድ ውስጥ አጠገባችን የተኛ ልጅ እናት ነበረች፣ ከገጠር የመጣች። ስኳሯን ለመለካት ጣቷን ስትወጊ ከጫፉ መሃል ሳይሆን ከጎኑ በኩል ውጊያት፣ እንደዛ ብዙ አያማትም ያለችኝ እሷ ናት። ከረሜላ ከቦርሳሽ አይጥፋ ያለችኝም እሷ ናት። አንድ ሌሊት ስኳሯ ወርዶ ትራሷ በላብ ርሶ አገኘኋት፣ ባለቤቴ በባዶ እግሩ ባጃጅ ፍለጋ ወጣ፣ እኔ ስኳር በውሃ በጥብጬ ቀስ እያልኩ አጠጣኋት፣ የዛች ሴትዮ ድምፅ ነበር ጆሮዬ ላይ።

አሁን ሰፈር ውስጥ ልጁ ስኳር የተባለበት ሁሉ ወደኔ ይላካል። በስልክ ያንኑ ስደጋግም ስውል ለምን አልፅፈውም አልኩና ጀመርኩ፣ ፌስቡክ ላይ ልለጥፈው። የባለቤቴ እህት ነርስ ናት፣ ሳሳያት «አንቺ ምን ስለሆንሽ ነው ስለ በሽታ የምትፅፊው፣ ሰው ብትገይስ?» አለችኝ። ክፉ ሰው አይደለችም፣ ልጄ ሆስፒታል ስትተኛ አብራኝ ያደረች ናት፣ ለዛ ነው ንግግሯ ልቤ የገባው። ባለቤቴ ደግሞ የልጅቷን በሽታ አደባባይ አታውጪው፣ ነገ ማን ያገባታል ይላል። ፊደልም እሳሳታለሁ፣ ዶክተሮች ቢያዩት የሚስቁብኝ ይመስለኛል። ግን ደግሞ አሁን የሆነ ቦታ ልጇን ታይፎይድ ነው የተባለች እናት አለች እያልኩ እንቅልፍ አጣለሁ። ልተወው ወይስ ልፃፍ? የመጀመሪያውን ገፅ አብሬ ልኬያለሁ።

እናት ነኝ፣ ከድሬዳዋ

እህቴ ሰላምሽ ይብዛ፣ ልጅሽን እግዚአብሔር ይጠብቅልሽ።

ወደ ጥያቄሽ ከመግባቴ በፊት ስለዛ ቁጣ ትንሽ ልበልሽ። መኝታዋን ስላረጠበች የተቆጣሽው በሽታ መሆኑን ስላላወቅሽ ነው፣ የትኛዋም እናት ትቆጣለች። በሽታው ደግሞ ካንቺ አያያዝም ከከረሜላም የመጣ አይደለም፣ አይነት አንድ ስኳር የሰውነት መከላከያ ራሱ ተሳስቶ ቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚሰሩትን ህዋሶች ሲያጠፋ የሚመጣ ነው። ሀኪሟ ይሄን ነግሮሽ ይሆናል፣ ግን ሰው የሰማውን ነገር ልቡ እስኪቀበለው ጊዜ ይወስዳል አይደል። ስትፅፊ ያቺን ቀን መፃፍ ከከበደሽ ለጊዜው ዝለያት፣ የግድ ከሷ መጀመር የለብሽም።

የላክሽልኝን ገፅ አነበብኩት። አጀማመሩ እንዲህ ይላል፣ «የስኳር በሽታ ማለት ቆሽት የተሰኘው የሰውነታችን ክፍል ኢንሱሊን የተባለውን ሆርሞን በበቂ ሁኔታ ማመንጨት ሲሳነው የሚከሰት ስር የሰደደ የጤና እክል ሲሆን በሁለት ዋና ዋና ክፍሎች ይከፈላል።» ሰውነት ኢንሱሊኑን በደንብ መጠቀም ሲያቅተው የሚመጣውን ከመተውሽ በቀር ስህተት የለውም። ግን አንቺ መቼ ነው እንዲህ የምታወሪው? ይሄ ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ነው፣ በሀኪም አንደበት ነው የፃፍሽው፣ በሰው አንደበት ሲፅፉ ደግሞ እኔ ማን ነኝ የሚል ስሜት መምጣቱ አይቀርም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ለዚህ ገፅ ከሆነ ጥርጣሬሽ ልክ ነው። ይሄን የሚፅፉ ባለሙያዎች ሞልተዋል፣ ካንቺ የተሻለም ይፅፉታል።

ደብዳቤሽ ላይ ግን «በድሬ ሙቀት ማን ውሃ አይጠጣም፣ ማንም ልብ አላለውም» ብለሻል፣ እሱ ጋ ስደርስ ማንበቤን አቁሜ አሰብኩ። ብዙ ውሃ መጠጣት የስኳር ምልክት ነው የሚል የትም ተፅፎ ይገኛል፣ ሙቀት ሀገር ያለች እናት ያንን ምልክት እንዴት እንደምታልፈው ግን አንቺ ነሽ የነገርሽኝ። ሎጊያ ያለች እናት፣ መተማ ያለች፣ ጅዳ ሆና ልጇን የምታሳድግ ሀበሻ እናት ይሄን ስታነብ ልጇን ቀና ብላ ታያለች። እና ጥርጣሬው የሚመጣብሽ መቼ መቼ እንደሆነ እስቲ ልብ ብለሽ እዪው፣ እኔ እንደሚመስለኝ ካየሽውና ካደረግሽው ወጥተሽ ወደ ሀኪሙ ስራ ስትገቢ ነው። ያኔ ወደራስሽ ተመለሽ፣ ስለ ራስሽ ሌሊት፣ ስለ ራስሽ ማድቤት ስትፅፊ ማን ሊስቅብሽ ይችላል? ሀኪሙ ልጅሽን የሚያያት በቀጠሮ ለጥቂት ደቂቃ ነው። ስለ ቆሽት እሱ ያውቃል፣ እሷ ከትምህርት ቤት ደክሟት ስትመጣ ፊቷ ላይ ስኳሯ መውረዱን የምታነቢው አንቺ ነሽ።

ደግሞ ልጠይቅሽ፣ አንቺን ያስተማረችሽ ማን ናት? ራስሽ ነግረሽኛል፣ ከገጠር የመጣች እናት ናት። እኔ ምን አውቃለሁ ብላ ዝም ብትል ኖሮ ያን ሌሊት ጆሮሽ ላይ ማን ያወራ ነበር? እሷን ዲግሪ አልጠየቅሻትም እኮ።

ሀገራችን ውስጥም እንዲህ የጀመሩ ሰዎች አሉ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስን ታውቂያቸው ይሆናል፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ሙያቸው የውበት ስራ ነበር፣ የውበት ትምህርት ቤት ነበራቸው። ልጃቸው ኦቲዝም አለበት፣ በዛን ጊዜ እንዲህ ያለ ልጅ ያለው ሰው እርግማን ነው እየተባለ ልጁን ቤት ዘግቶ ነበር የሚያኖረው፣ እሳቸው ግን የራሳቸውን የእናትነት ታሪክ በየቦታው በግልፅ ያወሩ ነበር፣ በ2002 እ.ኤ.አ. ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። አቶ ወንዱ በቀለም ልጃቸውን ማቲዎስን ገና በህፃንነቱ በደም ካንሰር ካጡ በኋላ ነው በስሙ የካንሰር ማህበር ያቋቋሙት፣ እሳቸውም ሀኪም አይደሉም። አንቺ ማዕከል ክፈቺ እያልኩሽ አይደለም፣ አንድ ገፅ ፃፊ ነው የምልሽ። ግን እነሱም መጀመሪያ ላይ ያላቸው ነገር አንቺ ያለሽው ነው፣ በልጃቸው ያዩት።

አሁን የባለቤትሽ እህት ጋ እንምጣ፣ ምክንያቱም ሰው ብትገይስ ያለችው ነገር ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። የሷ ፍርሀት መሰረት አለው። አንቺ ልጄ ጠዋት ይሄን ያህል ዩኒት ኢንሱሊን ትወጋለች ብለሽ ብትፅፊ፣ ቀጠሮዋ ያለፈባት ወይም ለመሳፈሪያ ያጣች እናት ያንኑ ቁጥር ለልጇ ልትወጋ ትችላለች። መጠኑ ደግሞ በክብደት፣ በምግቡ፣ በኢንሱሊኑ አይነት፣ በተለካው ስኳር ነው የሚወሰነው፣ አንቺ በሙያሽ ታውቂዋለሽ፣ በአንዷ ልጅ ልክ የሌላዋን ቀሚስ አትቆርጪም። ስለዚህ የዩኒት ቁጥር በጭራሽ አትፃፊ፣ ቀነስኩት ምንም አልሆነችም የሚል ነገርም አትፃፊ፣ ሀኪሟ ባዘዘላት መጠን ብለሽ እለፊው።

ሌላም ልጨምርልሽ። ያን ሌሊት የፃፍሽው ስኳር በውሃ በጥብጠሽ ማጠጣትሽን ነው፣ ጎበዝ፣ ልጅሽ ነቅታ መዋጥ ስለቻለች ልክ አድርገሻል። ግን ያነበበችው እናት ራሱን ለሳተ ልጅ አፉ ውስጥ ብታፈስበትስ? ሊያንቀው ይችላል፣ እንደዛ ያለ ልጅ አፉ ውስጥ ምንም ሳይገባ በጎኑ አስተኝቶ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። አየሽ፣ አንቺ የኖርሽውን ብቻ ስለምታይ ይሄ ክፍተት አይታይሽም፣ ነርሷ ግን ወዲያው ታየዋለች። ስለዚህ እሷን አትሽሻት፣ እንደውም የመጀመሪያ አንባቢሽ አድርጊያት። ልፃፍ ወይስ አልፃፍ ብለሽ አትጠይቂያት፣ ሄደሽ «እቴ፣ ይሄን ፅፌያለሁ፣ እዚህ ውስጥ ሰው የሚጎዳ ነገር ካለ አስምሪልኝ» በያት። ይሄን ስትያት የሷም ፊት ይለወጣል ብዬ እገምታለሁ፣ እስካሁን የጠየቅሻት ፈቃድ ነበር፣ አሁን የምትጠይቂያት እርዳታ ነው፣ ልጅሽ ስትተኛ አብራሽ ያደረች ሴት ደግሞ እርዳታ እምቢ የምትል አትመስለኝም።

ስለ ኢንሱሊን አቀማመጥ እንደምትፅፊም እጠረጥራለሁ፣ የድሬ ሰው ነሻ፣ ሙቀት አለ መብራት ይጠፋል። ፍሪጅ የሌላቸው ሰዎች ትንሿን ማድጋ ትልቋ ውስጥ ከተው በመሃል አሸዋ ሞልተው አሸዋውን ውሃ እያጠጡ ኢንሱሊን ያስቀምጣሉ፣ ውሃው ሲተን ውስጡን ያቀዘቅዘዋል፣ በደረቅ ሙቀት ደግሞ በደንብ ይሰራል። አንቺም እንደዛ የምታደርጊ ከሆነ ፃፊው፣ ማድጋውን ከቀፊራ ገበያ ስንት ብር እንደገዛሽው፣ አሸዋውን በቀን ስንቴ እንደምታጠጪው፣ ጠርሙሱ እንዳይረጥብ በምን እንደምትጠቀልይው፣ እንዲህ ያለውን ማንም አይነግራቸውም። ግን ማድጋ እንደ ፍሪጅ ነው አትበይ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው፣ ማድጋ እዛ አይደርስም፣ የተከፈተውን ከክፍሉ ሙቀት ለማዳን ግን ይጠቅማል፣ የተከፈተው ብዙውን ጊዜ ከ30 ዲግሪ በታች ሆኖ ለ28 ቀን ገደማ ይቆያል፣ የያንዳንዱን ግን ፋርማሲው ነው የሚነግርሽ። በረዶ ቤት ውስጥ ገብቶ የቀዘቀዘ ኢንሱሊን ደግሞ ይጣላል። ይሄን ይሄን ከነርሷ ጋር አረጋግጠሽ አስገቢው።

ጠበልን በተመለከተ አንቺ አላነሳሽውም፣ ግን አንድ ቀን መነሳቱ አይቀርም፣ ስኳር ያለበት ልጅ ቤት ሁሉ መርፌውን አቁሚና ጠበል ውሰጃት የሚል ጎረቤት አይጠፋም። ስትፅፊ እምነትን አትንኪ፣ ጎረቤትሽንም አታሳፍሪ፣ ብቻ ኢንሱሊን ለነዚህ ልጆች አንድም ቀን የማይቋረጥ መሆኑን በግልፅ ፃፊ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በህይወት እያሉ የኤች አይ ቪ መድሃኒትና ጠበል አብረው ይሄዳሉ ብለው በይፋ ተናግረዋል፣ ለመርፌውም ያው ነው፣ ጠበሉንም ትጠጣ መርፌዋንም ትወጋ። እኔ እዚህ ላይ ለስላሳ መሆን አልፈልግም፣ ልጆች ይሞቱበታል።

የባለቤትሽ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ የሚከብድ ይመስለኛል። ማን ያገባታል ሲል ብዙ ሰው ሊናደድበት ይችላል፣ እኔ ግን በባዶ እግሩ ባጃጅ ፍለጋ የወጣው ሰው ነው የታየኝ፣ ለልጁ ፈርቶ ነው የሚናገረው። ደግሞም ያነሳው ጥያቄ ውስጥ ትክክለኛ ነገር አለ፣ ታሪኩ ያንቺ ብቻ አይደለም፣ የልጅቷም ነው። አሁን ዘጠኝ አመቷ ነው፣ አስራ አምስት ሲሞላት ጓደኞቿ ፈልገው ቢያገኙት ምን ይሰማታል? ጠይቀሻት ታውቂያለሽ? እስቲ አንድ ቀን ፀጉሯን ስትሰሪያት ምናምን፣ ዘና ባላችሁበት ሰዓት፣ ሌሎች እናቶች እንዲያውቁ ስለኛ ልፅፍ ነው ምን ይመስልሻል በያት። ልጆች የራሳቸው መስመር አላቸው፣ የመርፌውን ንገሪያቸው የመኝታውን ግን እንዳትናገሪ ልትልሽ ትችላለች፣ እንደዛ ካለች የመኝታው ታሪክ ያንቺ ልጅ ታሪክ ሆኖ አይወጣም፣ ሳይታሰብ ድጋሚ መኝታ ማርጠብ ምልክት ነው ብለሽ በጥቅሉ ታልፊዋለሽ። ስሟን፣ ፎቶዋን፣ ትምህርት ቤቷን አታስገቢ። ያንቺም ስም ባይወጣ ምንም አይደለም፣ ለኔ እንደፃፍሽው «እናት ነኝ» ብለሽም መፈረም ይቻላል።

ለባለቤትሽ ደግሞ ስለ ፌስቡክ አታውሪለት። ያን ሌሊት ፅፈሽ አሳዪው፣ እሱ ያለበትን። ምናልባት የረሳሽውን ይነግርሻል፣ ስንት ሰዓት እንደነበር፣ የትኛው ባጃጅ እንቢ እንዳለው። ካነበበ በኋላም አይሆንም ካለስ? ያኔ ትንሽ ታገሺ፣ አትጣሉበት፣ ሰፈር ውስጥ ለሚደውሉልሽ እናቶች ብቻ በስልካቸው እየላክሽ ቆዪ። ያም ራሱ መፃፍ ነው፣ ያም ራሱ ይደርሳል።

እንዴት ልፃፈው ካልሽኝ፣ በተለይ አስረኛ ክፍል ነኝ ፊደል እሳሳታለሁ ላልሽው፣ የትኛው ሀ ነው የትኛው ሰ ነው የሚለው ነገር አያስጨንቅሽ፣ ጋዜጠኛም ይሳሳታል፣ የሚያርም ሰው አይጠፋም። እኔ የምመክርሽ ከስራ ስትመለሺ ስልክሽ ላይ ድምፅ መቅጃውን ከፍተሽ፣ ትናንት ልጇ ስኳር ተባለ ብላ ለደወለችልሽ ሴት እንደምታወሪው አውሪው። አንድ ነገር ብቻ፣ አንድ ሌሊት ብቻ፣ ወይ አስተማሪዋን ክፍል ውስጥ መክሰስ እንድትበላ ፍቀድላት ብለሽ የለመንሽበትን ቀን። ከዛ እያዳመጥሽ ገልብጪው። የተሰኘው፣ ሲሳነው፣ የሚከሰት የሚሉ ቃላት ከገቡ አውጫቸው፣ እነሱ ባሉበት ሁሉ አንቺ የለሽም። ላብ ነበራት ብቻ አትበይ፣ ትራሷ ርሶ ነበር ብለሻል አይደል፣ እንደዛ። የማታውቂው ነገር ላይ ስትደርሺ ደግሞ ይሄን እኔ አላውቅም ሀኪም ጠይቁ ብለሽ እዛው ላይ ፃፊው፣ መጨረሻ ላይ በትንሽ ፊደል አታስቀምጪው። አንባቢ አላውቅም የሚል ሰው ያምናል፣ ሁሉን አውቃለሁ ከሚል ይልቅ።

ሰው ክፉ ነገር ቢፅፍብሽ? ይፅፋል፣ ምን ታውቂያለሽ የሚልም ይመጣል። ማታ ደክሞሽ አትመልሺለት። ያረመሽ ባለሙያ ከሆነና ልክ ከሆነ አመስግነሽ አስተካክዪው። ዩኒት ስንት ልወጋት ብላ የምትጠይቅሽ እናት ካለች ቁጥር እንዳትሰጫት፣ ሀኪሟ ጋ እንድትደውል ንገሪያት፣ ልጄ እያስመለሰች ነው ትንፋሿ ፈጥኗል ካለችሽ ደግሞ መልእክት መፃፃፉን ትተሽ አሁኑኑ ሆስፒታል በያት።

ለመጀመሪያው ፅሁፍ የትኛውን ልምረጥ ካልሽኝ እኔ ሆስፒታል ከመግባታችሁ በፊት ያሉትን ቀናት እመርጣለሁ፣ እንቅልፍ የሚያሳጣሽ እሱ ስለሆነ። ውሃው፣ ሽንቱ፣ መክሳቱ፣ ታይፎይድ መባሉ። የክሊኒኩን ስም ተዪው፣ ስም ከጠራሽ ወሬው ሁሉ ስለ ክሊኒኩ ይሆናል። መጨረሻው ላይ ያቺ እናት ክሊኒክ ስትሄድ አፏን ሞልታ የምትጠይቀውን አንድ አረፍተ ነገር አስቀምጪላት፣ «እባካችሁ ስኳሯንም ለኩልኝ»። ከጣት አንዲት ጠብታ ደም ናት፣ ውጤቱም እዛው ቁጭ እንዳሉ ይታወቃል። አንድ ገፅ ከበቂ በላይ ነው። እሁድ ነርሷ ቡና ስትመጣ ስጫት፣ ያሰመረችበትን አስተካክዪ፣ ባለቤትሽ ያንብበው፣ ከዛ ለሁለት ለሶስት እናቶች ላኪና ያልገባቸው ምን እንደሆነ ጠይቂያቸው፣ ለሌላው ሰው የምትለጥፊው ከዛ በኋላ ነው። ያኔ ለኔም ላኪልኝ፣ እዚሁ ዓምድ ላይ ማውጣት ብትፈልጊ ቦታ አለሽ።